የሥራ አፈጻጸምን በባህሪና በአሠራር ትንተና ማሻሻል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች የእሸት ቡና መፈልፈያ ጣቢያ፣ የቡና ማበጠሪያ፣ የእንጨት ሥራ ድርጅት፣ የአገልግሎት መሥሪያ ቤት ወይም የጤና ተቋም ለሚመሩ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። ምሳሌዎቹ በብዛት ከቡና የተወሰዱት የአካባቢው ዋና ሥራ ስለሆነ ነው። አካሄዱ ግን ለሌላውም ሥራ ያገለግላል።

የባህሪና የአሠራር ትንተና ሥራ ላይ ምንድን ነው የሚያየው?

የባህሪ ትንተና የሚያየው ሰው በሥራው ላይ የሚያደርገውን፣ በዓይን የሚታየውንና የሚቆጠረውን ነው። የማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣው ቡና በሰዓቱ ተገላብጧል? ሚዛን ላይ የቆመው ሰው ጆንያውን ከፍቶ አይቷል? ከዚያ ሁለት ጥያቄዎች ይከተላሉ፦ ከድርጊቱ በፊት ምን ነበር? ከድርጊቱ በኋላ ለሠራተኛው ምን መጣለት፣ ወይም ምን መጣበት?

የአሠራር ትንተና ደግሞ ዓይኑን ከአንዱ ሰው ላይ አንሥቶ ሥራው የሚያልፍበትን መንገድ ሁሉ ይመለከታል፤ ምን ይገባል፣ በማን እጅ ያልፋል፣ ምን ይወጣል፣ ተቀባዩ ማን ነው፣ የተቀባዩ አስተያየት ተመልሶ ለሠሪው ይደርሳል ወይ? ጊሪ ረምለርና አላን ብራች የተባሉ አሜሪካውያን ባለሙያዎች ይህንን በ3 ደረጃ ከፍለውታል፦ ድርጅቱ፣ የሥራ ሂደቱና ሠራተኛው። ከሦስቱ አንዱ ከታመመ የሌሎቹ ጤና ብቻውን አይበቃም። ጎበዝ ሠራተኛ በተበላሸ አሠራር ውስጥ ቢቀመጥ ውሎ አድሮ የሚያሸንፈው አሠራሩ ነው።

ሥልጠና ሰጥተናል፣ ግን ምንም ለውጥ አልመጣም። ለምን?

ሥልጠና የሚያድነው አለማወቅን ብቻ ነው። ስለዚህ በጀት ከመያዙ በፊት አንድ ጥያቄ ይመለስ፤ ሠራተኛው ነገ ጠዋት ሥራውን በትክክል ቢሠራ ከፍ ያለ ሽልማት እንደሚያገኝ ቢያውቅ መሥራት ይችላል? ከቻለ ችግሩ የእውቀት አይደለም፤ አዳራሽ ተከራይቶ ሁለት ቀን ማሠልጠን ገንዘብና ጊዜ ማባከን ነው። ይህን መሰል ፈተና የሥልጠና ባለሙያዎቹ ሮበርት ሜገርና ፒተር ፓይፕ ከ50 ዓመት በፊት ያስተዋወቁት ሲሆን ዛሬም የሚበልጠው አልተገኘም።

አሜሪካዊው የአፈጻጸም ባለሙያ ቶማስ ጊልበርት ደግሞ የአፈጻጸም ጉድለት ሊመነጭባቸው የሚችሉትን ቦታዎች 6 አድርጎ አስቀምጧል። ሦስቱ ሠራተኛው የሚሠራበት አካባቢ ነው፦ መረጃ (ምን እንደሚጠበቅበትና እንዴት እየሠራ እንደሆነ ያውቃል?)፣ መሣሪያና ግብዓት፣ እንዲሁም ማበረታቻ። ሦስቱ ደግሞ ከሰውየው ጋር የመጡ ናቸው፦ እውቀት፣ አቅምና ፍላጎት። ቅደም ተከተሉ እንዲሁ የተደረደረ አይደለም። ከአካባቢው፣ በተለይም ከመረጃው መጀመር የሚያስፈልገው ለማስተካከል ቀላሉና ርካሹ እሱ ስለሆነ ነው። በእኛ አካባቢ ግን ብዙ ጊዜ ጉዳዩ ከታች ይጀመራል። መጀመሪያ «ፍላጎት የላቸውም» ይባላል፣ ቀጥሎ ሥልጠና ይታዘዛል፤ ሚዛኑ ትክክል መሆኑን ወይም የማበጠሪያ አዳራሹ መብራት ያለው መሆኑን የሚጠይቅ በመጨረሻ ይመጣል።

ከየት ልጀምር?

ከአንድ ውጤት ይጀምሩ። አምስት ነገር አንድ ላይ የሚያሻሽል መሥሪያ ቤት አንዱንም ሳይጨርስ ወቅቱ ያልፋል።

ውጤቱን በሚቆጠር መልክ ይጻፉት። «ጥራት ማሻሻል» አይቆጠርም። «ከተለቀመ በኋላ በ300 ግራም ናሙና ውስጥ የቀሩ ጥቁር፣ ነቀዝ የበላቸውና የተሰበሩ ፍሬዎች ብዛት» ግን ይቆጠራል። ከዚያ ምንም ሳይቀይሩ ለ2 ሳምንት ያህል በየቀኑ ይመዝግቡ። ይህ መነሻ ልኬት ነው፤ ብዙዎች ይዘሉታል፣ ኋላም ለውጥ መምጣቱን ማሳየት ያቅታቸዋል።

ቀጥሎ ከሁሉ የሚበልጠውን ሠራተኛ ከአማካዩ ጋር ያነጻጽሩ። እንበልና በአንድ አዳራሽ ውስጥ ጎበዟ እንከን ለቃሚ (ከቡናው ውስጥ የተበላሸውን ፍሬ ለቅማ የምታወጣው) በቀን 60 ኪሎ፣ አማካይዋ ደግሞ 40 ኪሎ በእኩል ጥራት ብትለቅም ጥምርታው 1.5 ይሆናል። ጥምርታው በሰፋ ቁጥር የማሻሻያ ዕድሉም ሰፊ ነው፤ ወደ 1 ከተጠጋ ግን ሠራተኛው ላይ ከመልፋት ማሽኑን ወይም የሚገባውን ቡና መመርመር ይሻላል። ጎበዟን ተቀምጠው ይመልከቷት። ቡናውን በስሱ ትዘረጋለች? መስኮት አጠገብ ትቀመጣለች? በሁለት እጅ ትለቅማለች? ብዙ ጊዜ ልዩነቱ የሚገኘው ማንም ጽፎ በማያውቀው ትንሽ ነገር ላይ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ለሌሎች ማስተላለፍ ደግሞ ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

እሸት ለቃሚዎች ብንቆጣቸውም ብንመክራቸውም ጥሬ ፍሬ ቀላቅለው ያመጣሉ። ምን ይደረግ?

ይህ ጥያቄ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው የለቀማ ወቅት በጣም ይደጋገማል፤ ትንተናውንም ከሁሉ በተሻለ ያሳያል።

ከድርጊቱ በፊት ያለውን እንይ። ለቃሚው ምን ያህል ቀይ መሆን እንዳለበት የተነገረው በቃል ነው፤ ምናልባትም በአማርኛ፣ እሱ የሚሰማው ግን አፋን ኦሮሞ ነው። ቅርንጫፉ ላይ ቀዩና አረንጓዴው ፍሬ ተቀላቅሎ ነው ያለው። ባለማሳው ደግሞ ፍሬው ይሰረቃል ብሎ ስለሚሰጋ ቶሎ እንዲያልቅ ይፈልጋል። ከድርጊቱ በኋላስ? ለቃሚው በኪሎ ይከፈለዋል፤ ጥሬውም ቀዩም ሚዛን ላይ እኩል ይመዝናል። ክፍያው ዛሬ፣ በእርግጠኝነት ይመጣል። ቁጣው ግን አልፎ አልፎ ብቻ፣ ያውም ለሁሉም በጅምላ ይመጣል። ስለዚህ ለቃሚው ያደረገው ክፍያው ያዘዘውን ነው። ቅርብና እርግጠኛ የሆነ ጥቅም ሩቅና አጠራጣሪ ከሆነ ቅጣት ሁልጊዜ ይበልጣል።

መፍትሔውም ከዚሁ ይወጣል፦

ሰሌዳ ላይ ትክክለኛውን ቀይ፣ ያልደረሰውንና ከመጠን በላይ የበሰለውን ፍሬ በፎቶ ወይም በቀለም አሳይተው ሚዛኑ አጠገብና ማሳው መግቢያ ላይ ይስቀሉ። ማንበብ የማይችልም ሰው ይረዳዋል፣ ቋንቋም አይጠይቅም። በርክክብ ጊዜ ከእያንዳንዱ ጆንያ ከላይ፣ ከመሐልና ከታች ተወስዶ 100 ፍሬ ይቆጠር፤ ከላይ ብቻ ከተወሰደ ቀዩን ከላይ መደርደር በሳምንት ውስጥ ይለመዳል። ያልደረሰው ስንት እንደሆነ እዚያው፣ ለቃሚው እያየ ይነገረው። ክፍያው ሁለት ዋጋ ይኑረው፣ ልዩነቱም በዚያው ቀን ይከፈል። ወሰኑን ግን ከቢሮ አያውጡት፤ በመነሻ ልኬቱ አማካዩ ለምሳሌ ከ100 ፍሬ 20 ጥሬ ከሆነ የመጀመሪያው ወሰን 15 ይሁን፣ አብዛኛው ሲደርስበት ዝቅ ይበል። ከመጀመሪያው 2 ብሎ መጀመር ማንም የማያገኘው ሽልማት ማቆም ነው።

እዚህ ላይ የአሠራሩን ጎን መርሳት አይገባም። እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ክምሩ ውስጥ መሞቅና መፍላት ይጀምራል። መኪናው አመሻሽቶ የሚመጣ ከሆነ ወይም መፈልፈያው በሳምንት ሁለቴ የሚቆም ከሆነ የተመረጠ ቀይ ቡና አድሮ ይበላሻል፤ ለቃሚው የደከመበት ጥራት ውኃ ይበላዋል፣ ወቀሳው ግን ወደ እሱ ይመለሳል። የተለቀመበትን፣ የደረሰበትንና የተፈለፈለበትን ሰዓት በአንድ ደረሰኝ ላይ መመዝገብ ጉድለቱ የት እንደሆነ በጥቂት ቀናት ያሳያል።

ጥፋቱ የሰው ነው ወይስ የአሠራር? በምን ልለየው?

ሦስት ምልክቶች አሉ። ሰው ሲቀየር ችግሩ ካልተቀየረ፣ ችግሩ ተራ ጠብቆ በአንድ ሰዓት ወይም በአንድ ወቅት ከመጣ፣ እንዲሁም ሥራው ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ በሚሸጋገርበት ቦታ ላይ ከታየ የአሠራር ነው ብሎ መጀመር ያዋጣል።

በመሥሪያ ቤት ደግሞ ፋይሉን ራሱን መከተል ነው። በ30 ፋይሎች ላይ አንድ ወረቀት ያያይዙ፤ እያንዳንዱ ሠራተኛ ፋይሉ ጠረጴዛው ላይ የደረሰበትን፣ ሥራው የተጀመረበትንና የወጣበትን ሰዓት ብቻ ይጻፍ። ከዚያ የሥራውን ደቂቃና የተቀመጠበትን ጊዜ ለየብቻ ይደምሩ። ባለጉዳይ «ሠራተኞቹ ቀርፋፋ ናቸው» የሚልበት መሥሪያ ቤት ብዙ ጊዜ እንዲህ ሲለካ የሥራው ጊዜ በደቂቃ፣ የመቀመጫው ጊዜ በቀናት የሚቆጠር ሆኖ ይገኛል፤ ፋይሉም የሚተኛው ፈራሚው ስብሰባ ላይ ስለሆነ ወይም ባለጉዳዩ አንድ ሰነድ ጎድሎት ስለተመለሰ ነው። ሁለተኛው ከሆነ የሚፈለጉ ሰነዶችን ዝርዝር በር ላይ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ መለጠፍ አንድን ሠራተኛ ከማሠልጠን በላይ ወረፋውን ያሳጥራል።

የክፍያው ዓይነት ራሱ ችግር ሊሆን ይችላል?

አዎ፣ በማበጠሪያ አዳራሽ በተለይ። እንከን ለቃሚዎች በኪሎ ሲከፈላቸው ንጹሕ ቡና የደረሳት ሴት ቀኑን በደህና ታሳልፋለች፤ እንከኑ የበዛበት ጆንያ የደረሳት ግን ያንኑ ያህል ደክማ ግማሹን ታገኛለች። ጠብ የሚነሣው፣ ጥሩ ጆንያ ለማግኘት ከጠባቂው ጋር መሞዳሞድ የሚመጣውም ከዚህ ነው። ጆንያው ከመታደሉ በፊት ከየክምችቱ 300 ግራም ናሙና ወስዶ እንከኑን ቆጥሮ ዋጋውን በ3 መደብ መክፈል ይህንን ይፈታል። ሥራው በቀን አንድ ሰው ለጥቂት ሰዓት የሚፈጅ ነው። ለእነዚህ ሴቶች ፍትሐዊ ክፍያ ማለት የዕለት እንጀራ ስለሆነ ከማናቸውም ማሻሻያ በፊት ሊሠራ ይገባል ብለን እናምናለን።

ብዛትን ብቻ የሚሸልም ክፍያ ጥራትን ይገድላል፣ ጥራትን ብቻ የሚሸልም ደግሞ ሥራውን ያጓትታል። ሁለቱ ሁልጊዜ አብረው ይለኩ።

«ሰነፍ ነው»፣ «ግዴለሽ ናት» የሚለውን እንዴት ወደ ልኬት እንቀይረዋለን?

እነዚህ ድርጊት አይደሉም፤ ሌላ ሰው አይቶ ሊቆጥራቸው አይችልም። «ሰነፍ» ያሉት ሰው ምን ሲያደርግ ወይም ምን ሳያደርግ እንዳዩት ይጻፉ፦ ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ አልጋው አልተሸፈነም፣ መዝገቡ ሁለት ቀን ባዶ ነው። ጥሩ መግለጫ መሆኑን ለማወቅ ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ፣ ሳይነጋገሩ ይቁጠሩ። ቢያንስ ከ100 በ80 ካልተስማሙ ሠራተኛውን ትተው መግለጫውን ያስተካክሉ።

በተቻለ መጠን ሠራተኛውን ከመሰለል የሥራውን ውጤት ይለኩ። የቡናው እርጥበት ከ11 እስከ 12 በመቶ ደርሷል ወይ የሚለው በመሣሪያ የሚታይ ውጤት ነው። ውጤቱ ሲጎድል ብቻ ወደ ድርጊቱ ይመለሱ፤ ተገላብጧል ወይ፣ እኩለ ቀንና ሌሊት ተሸፍኗል ወይ፣ በወፍራሙ ነው ወይስ በስሱ የተሰጣው?

ግምት ልኬትን አይተካም። በአሜሪካ ኤመሪ ኤር ፍሬይት የተባለው የአየር ጭነት ድርጅት ሠራተኞች ትንንሽ ዕቃዎችን በትልልቅ ማሸጊያ አንድ ላይ የማድረግ ሥራቸውን 90 በመቶ ጊዜ እንደሚፈጽሙ ያምኑ ነበር፤ ሲለካ 45 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ሠራተኞቹ ራሳቸው መመዝገብ ሲጀምሩና አለቆቻቸው መሻሻሉን እያዩ ሲያመሰግኗቸው ወደ 95 በመቶ ወጣ። የዋሸ ሰው አልነበረም። መረጃው ብቻ አልነበረም።

ግብረ መልስ በምን ያህል ጊዜ፣ በምን መልክ ይሰጥ?

በየቀኑ ወይም በየሳምንቱ። የስድስት ወር የምዘና ቅጽ ለደረጃ ዕድገት ያገለግል ይሆናል፤ ሥራን ግን አያስተካክልም፤ ሠራተኛው በመጋቢት ስለ ጥቅምት ሥራው ሲነገረው ማድረግ የሚችለው ነገር የለም። የቡድኑን ውጤት በትልቅ ወረቀት ላይ በመስመር ስለው ሁሉም በሚያልፍበት ቦታ ይስቀሉት። የግለሰብን ቁጥር ግን ለብቻው ይንገሩት። የመጨረሻውን ሰው ስም ግድግዳ ላይ መለጠፍ የሚያመጣው መሸሸግንና ቂምን ነው። ግብረ መልስ ብቻውን አንዳንዴ ይሠራል አንዳንዴ አይሠራም፤ ከግልጽ ግብና ከተከታይ ማበረታቻ ጋር ሲጣመር ውጤቱ ይበልጥ አስተማማኝ ይሆናል።

ማበረታቻ ሁልጊዜ ገንዘብ መሆን አለበት?

የለበትም፤ ግን ደመወዝ ለማይበቃው ሰው የምስጋና ወረቀት ብቻ መስጠትም አይገባም። በዓመት አንዴ ለሁሉም እኩል የሚታደል ጉርሻ ደስ ያሰኛል፣ ከየትኛው ሥራ ጋር እንደተያያዘ ግን ማንም አያውቅም። ትንሽ፣ ቶሎ የሚደርስና ከሥራው ጋር የተያያዘ ይሻላል። ፈረቃ መምረጥ፣ የተሻለ ብርሃን ያለው መቀመጫ፣ ግቡ ሲሞላ አንድ ሰዓት ቀድሞ መውጣት። የሚወዱትን ራሳቸውን ይጠይቋቸው።

ቅጣትስ? ከደመወዝ መቁረጥ ይቻላል?

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪው እንደፈለገ ከደመወዝ መቁረጥ አይችልም፤ በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ካልሆነ በቀር። ተቆራጩም በማናቸውም ሁኔታ ከወር ደመወዙ ሲሶ መብለጥ የለበትም።

ከሕጉ ባሻገር ቅጣት የሚሠራው አለቃው ባለበት ሰዓት ብቻ ነው። ዋናው ጉዳቱ ደግሞ ስሕተት መደበቁ ነው። በጤና ተቋም ውስጥ መድኃኒት የተሳሳተ ሠራተኛ ከተቀጣ ቀጣዩ ስሕተት ሪፖርት አይደረግም፣ በሽተኛውም ዋጋ ይከፍላል። ቅጣትን ለስርቆት፣ ለጥቃትና አውቆ የደህንነት ደንብ ለመጣስ ያቆዩት።

በጤና ተቋም የእጅ ንጽሕናን በዚህ መንገድ ማሻሻል ይቻላል?

ይቻላል። የዓለም የጤና ድርጅት እጅ የሚጸዳባቸውን 5 ጊዜያት ለይቷል፤ በአልኮል ማሸት ከ20 እስከ 30 ሰከንድ፣ በውኃና በሳሙና መታጠብ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ይወስዳል። መጀመሪያ የሚታየው መሣሪያው ነው፦ ውኃ በቀን ስንት ሰዓት ይመጣል፣ የአልኮሉ ጠርሙስ ከአልጋው አጠገብ ነው ወይስ በኮሪደሩ ጫፍ? ጠርሙሱ እጅ በሚደርስበት ቦታ ሳይኖር የባለሙያውን ትጋት መለካት ፍትሐዊ አይደለም።

ከካይዘን በምን ይለያል?

አይጋጭም፤ ካይዘን ሥራን በትንንሽ ማሻሻያዎች ያለማቋረጥ የማሳደግ የጃፓን ዘዴ ነው። የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ከተቋቋመ ወዲህ ብዙ ድርጅቶች ዕቃን የማጣራት፣ የማስቀመጥና የማጽዳት ሥራ ሠርተዋል፣ ጥቅሙም ታይቷል። የሚሰናከለው «ማዝለቅ» በሚባለው የመጨረሻ ደረጃ ላይ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የግምገማው ቡድን ከሄደ በኋላ ዕቃውን ቦታው ላይ ለመለሰ ሰው የሚከተል ምንም ነገር የለም። ድርጊቱን የሚያስታውስና የሚያበረታታ ነገር መጨመር የዚህ ትንተና ድርሻ ነው።

መሻሻሉ ከእኛ ለውጥ መምጣቱን እንዴት እናረጋግጣለን?

በሁሉም ቦታ በአንድ ቀን አይጀምሩ። አንዱ ክፍል ዛሬ ይጀምር፣ ሁለተኛው ከ3 ሳምንት በኋላ፣ ሦስተኛው ከዚያ ቀጥሎ፤ ሁሉንም ግን ከመጀመሪያው ይለኩ። እያንዳንዱ የተሻሻለው የራሱ ተራ ሲደርስ ከሆነ ምክንያቱ ለውጡ ነው። ይህ በቡና ሥራ በተለይ ያስፈልጋል፤ በወቅቱ መጀመሪያና መጨረሻ ዛፍ ላይ ያለው ቀይ ፍሬ ድርሻ ስለሚለያይ ጥቅምትን ከኅዳር ጋር ብቻ ማነጻጸር ያሳስታል።

ተጀምሮ የሚቆመው ለምንድን ነው?

ብዙ ጊዜ ሽልማቱ ስለሚዘገይ ነው። የተገባው ቃል የሂሳብ ክፍል ፊርማ ሲጠብቅ ወር ካለፈው ሠራተኛው ቁጥሩን ማመን ያቆማል፤ ስለዚህ ከመጀመርዎ በፊት ገንዘቡ በጣቢያው ኃላፊ እጅ በጥቂቱ ይኑር። ሁለተኛው፣ መዝጋቢው ራሱ ከቁጥሩ ተጠቃሚ ሲሆን ቁጥሩ ያምራል። በሳምንት አንድ ቀን፣ ሳይነገር፣ ሌላ ሰው ደግሞ ይቁጠር። ሦስተኛው፣ ኃላፊው ሲቀየር መዝገቡ አብሮ ይጠፋል፤ አንድ ገጽ የአሠራር ማስታወሻ ሚዛኑ አጠገብ ይቀመጥ። የመለኪያዎቹ ብዛት ደግሞ ከ3 አይለፍ።

መለካቱን መቼ እናቁም?

ሙሉ በሙሉ አያቁሙት። ውጤቱ ለ4 ሳምንት በግቡ ላይ ከጸና የየቀኑን ቆጠራ ወደ ሳምንት ሁለት ቀን፣ ከዚያ ወደ ሳምንት አንድ ቀን ያውርዱት። ቁጥሩ ለሁለት ተከታታይ ጊዜ ከወረደ ወደ ቀድሞው ድግግሞሽ ይመለሱ። ወቅቱ ሲያልቅ መዝገቡን ያስቀምጡት፤ በቀጣዩ ዓመት መስከረም ላይ ከአዲሶቹ ለቃሚዎች ጋር ሲነጋገሩ የመጀመሪያውን ወሰን የሚያወጡት ከእሱ ነው።